ውብ ሰፈር፣ የደከመ ትምህርት ቤት፤ በፓርክላንድስ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ምን ይመዝን?

በኬንያ የትምህርት ዘመኑ የሚከፈተው በጃንዋሪ ነው። ስለዚህ ኖቬምበር ሲገባ ወደ ቢሯችን የሚመጡ ወላጆች ቁጥር ይጨምራል፤ ጥያቄያቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ፓርክላንድስን ለምደነዋል። ዛፉ፣ ገበያው፣ ሐኪም ቤቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተመችቶናል። ነገር ግን በአቅራቢያችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደካማ ነው ይባላል፤ የግል ትምህርት ቤቱን ደግሞ ከቤት ኪራዩ ጋር አንችለውም። ለልጆቹ ስንል ሰፈሩን እንልቀቅ ወይስ ባለው ትምህርት ቤት እንቆይ?» ይሉናል።

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው የምንሰጠውን መልስ በዚህ የዓመቱ መጽሔታችን ላይ ሰብሰብ አድርገን ማቅረብ ይጠቅማል ብለን አስበናል። አስቀድመን ግን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። እኛም ክፍያ የምንጠይቅ ትምህርት ቤት ነን፤ ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ስንናገር የራሳችንን ገበያ የምናደራ እንዳይመስል መጠንቀቅ አለብን። በሌላ በኩል ቅዳሜ ቅዳሜ ለአማርኛ ትምህርት ከሚመጡልን ልጆች መካከል በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ አሉ፤ ደብተራቸውን እናያለን፣ ሲያነቡም እንሰማለን። የምንጽፈው ሁለቱንም ወገን አይተን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈሩ ከየት መጣ?

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከሞምባሳ ተነሥቶ ዛሬ ናይሮቢ ያለችበት ረግረጋማ ሜዳ ላይ የደረሰው በ1899 ነው። ፓርክላንድስም ከከተማዋ ብዙም የማያንስ ዕድሜ አለው። በቅኝ ግዛት ዘመን ናይሮቢ በዘር የተከፋፈለች ከተማ ነበረች። አውሮፓውያን በስተ ምዕራብና በስተ ሰሜን ባሉት ከፍታዎች፣ አፍሪካውያን በስተ ምሥራቅ በተጨናነቁት ሰፈሮች ይኖሩ ነበር። ፓርክላንድስ በመጀመሪያ የአውሮፓውያን መኖሪያ ነበረ፤ ቆይቶ የእስያ ተወላጆች፣ በተለይም ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎች፣ የባቡር ሠራተኞችና ባለሙያዎች ሰፈር ሆነ። ከ1963 ነጻነት በኋላ አፍሪካውያን ቤተሰቦች ገቡበት፤ ቀጥሎም ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የመጣን ተጨመርንበት።

ዛሬ በቁጥር በተሰየሙት አቬኑዎች ስንሄድ ቤተ መቅደስ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው እናያለን። በ1958 የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታል አሁንም በሦስተኛው ፓርክላንድስ አቬኑ ላይ ነው። ሲቲ ፓርክ ከነጦጣዎቹ በእግር የሚደረስበት ነው። የነጻነት ታጋዩና ጋዜጠኛው ፒዮ ጋማ ፒንቶ በ1965 ከተገደለ በኋላ የተቀበረው እዚያ ነው፤ የኬንያ ሁለተኛው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ሙሩምቢም ከወዳጁ አጠገብ ዐርፏል። ልጆቻችን የኬንያን የነጻነት ታሪክ ሲማሩ፣ ከመጽሐፉ ስሞች ሁለቱን ከቤታቸው ብዙ ሳይርቁ መጎብኘት ይችላሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰፈርም ያስተምራል።

ሰፈሩ ግን እንደ ድሮው አልቀረም። ሰፊ ግቢ የነበራቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች እየፈረሱ ረጃጅም አፓርታማዎች ተተክተዋል። መኪናው በዝቷል። ኪራዩም ሰፈሩ ለመሐል ከተማና ለዌስትላንድስ ባለው ቅርበት ልክ ነው። እንዲያም ሆኖ የእኛ ቤተሰቦች ሰፈሩን የሚወዱበት ምክንያት ከውበቱ ያለፈ ነው፤ ዘመድ ይቀርባቸዋል፣ ሐኪም ይቀርባቸዋል፣ ልጅ ሲታመም የሚደርስ ጎረቤት አላቸው። በሰው አገር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ሀብት ነው።

የሰፈሩ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በቅኝ ግዛት ዘመን ትምህርት ቤቶችም በዘር የተለያዩ ነበሩ፤ መንግሥት ለእስያውያን ልጆች የሚያወጣው ገንዘብ ለአውሮፓውያን ልጆች ከሚያወጣው በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ለአፍሪካውያን ልጆች የሚያወጣው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ። ስለዚህ ማኅበረሰቦቹ ራሳቸው መዋጮ ሰብስበው ትምህርት ቤት ሠሩ። በናይሮቢ የአጋ ካን፣ የኦሽዋልና የአርያ ሳማጅ ስም የያዙት ትምህርት ቤቶች የዚያ ጥረት ውጤቶች ናቸው። ዛሬ «ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር» ስንል የምናደንቀው ትልቁ ክፍል፣ ከእኛ በፊት የኖሩ ስደተኞች ከኪሳቸው ያዋጡት ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ለምን ደከሙ?

በጃንዋሪ 2003 የፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ እንዲሆን አወጀ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር ከ5.9 ሚሊዮን ወደ 7.2 ሚሊዮን አደገ። ከዚያ በፊት በክፍያ ምክንያት ቤት የዋሉ ልጆች ክፍል ገቡ። ይህ በአፍሪካ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ እርምጃዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ ስለ መጨናነቁ ስናማርር ይህን መርሳት የለብንም። ችግሩ መማሪያ ክፍሉና መምህሩ በዚያው ፍጥነት አለመጨመራቸው ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ኢኮኖሚስቶች አጥንተውታል። የድሆች ልጆች ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ አቅም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን እያወጡ ወደ ግል ትምህርት ቤት ወሰዱ። አቅም ያለው ወላጅ ሲወጣ ገንዘቡ አብሮት ይወጣል። ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ግን በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የሒሳብ መምህሩ ለምን ሦስት ሳምንት ቀሩ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው መውጣቱ ነው።

በፓርክላንድስ ይህ በዓይን ይታያል። ጠዋት ከአፓርታማዎቹ በር ላይ የግል ትምህርት ቤት አውቶቡሶች ልጆችን ይጭናሉ። በዚያው ሰዓት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት በእግራቸው የሚሄዱት በአብዛኛው የጥበቃ ሠራተኞች፣ የቤት ሠራተኞች፣ የገበያ ነጋዴዎች ልጆችና እንደ ዲፕ ሲ ካሉት የቆርቆሮ ቤቶች መንደሮች የሚመጡ ልጆች ናቸው። ሰፈሩ አንድ ነው፤ ልጆቹ ግን አይተዋወቁም።

ገንዘቡንም እንይ። የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ነው። ከዚያ ውጭ ለመጽሐፍ፣ ለጠመኔ፣ ለጥገና፣ ለመብራትና ለመሳሰለው መንግሥት ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚመድበው በዓመት 1,420 ሽልንግ ነው። የትምህርት ቀናቱን ወደ 190 ብናስባቸው፣ ለአንድ ልጅ በቀን ስምንት ሽልንግ እንኳ አይሞላም፤ እሱም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የተመደበው በዓመት 22,244 ሽልንግ ነው። ልዩነቱን ስናይ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በምን ያህል ጥቂት ገንዘብ እንደሚሠሩ ይገባናል።

በዚህ ላይ በ1985 የተጀመረው የ8-4-4 ሥርዓት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እየተተካ ነው። ከ2023 ጀምሮ ጁኒየር የሚባሉት የ7ኛ፣ የ8ኛና የ9ኛ ክፍሎች የሚስተናገዱት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ግቢ ውስጥ ነው። ለነዚህ ክፍሎች ቤተ ሙከራና የየትምህርቱ መምህር ያስፈልጋል፤ ግቢዎቹ ግን የተሠሩት ለትንንሽ ልጆች ነበር። ስለዚህ አንድ ርእሰ መምህር ባለው ክፍልና ባለው መምህር ተጨማሪ ሦስት የክፍል ደረጃዎችን ይዞ ይሠራል። እንደ ሙያ ባልደረባ እንናገራለን፤ በዚህ ሁኔታ የሚሠሩት መምህራን ነቀፋ ሳይሆን ምስጋና የሚገባቸው ናቸው።

«ደካማ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ወላጆች «ደካማ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የፈተና ውጤትን ይዘው ነው። የ8ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 ነው፤ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን በደረጃ መዘርዘር ያቆመውም በ2014 ነበር። የድሮው ልማድ ግን አልለቀቀንም። አማካይ ውጤት ስለ ትምህርት ቤቱ ከሚነግረን ይልቅ ማን እንደገባበት ይነግረናል። እናትና አባቱ የተማሩ፣ ቤቱ መጽሐፍ ያለበት፣ ቁርስ በልቶ የሚመጣ ልጅ የትም ቢማር ከሌላው የተሻለ ያመጣል። ያንን ልጅ መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ግማሹን ሥራ ቤተሰቡ ሠርቶለታል።

ሁለተኛው የተለመደ መለኪያ በአንድ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ብዛት ነው። እዚህ ላይ በራሷ በኬንያ የተደረገ ጥናት ይረዳናል። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር የተባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ የወላጆች ኮሚቴ ተጨማሪ የኮንትራት መምህር እንዲቀጥር አድርገው ክፍሎቹን ለሁለት ከፈሉ። ለአንድ መምህር 82 የነበሩት ተማሪዎች ወደ 44 ወረዱ። እንግዲህ ውጤቱ ወዲያው ይሻሻላል ብለን እንጠብቃለን። ነገር ግን ከነባሩ መምህር ጋር የቀሩት ልጆች፣ ክፍላቸው በግማሽ ቢቀንስም፣ የሚያመረቃ ለውጥ አላሳዩም። ውሉ እንዲታደስለት የሚተጋው የኮንትራት መምህር ያስተማራቸው ልጆች ግን ተሻሻሉ። የወላጆች ኮሚቴ ሥልጠና አግኝቶ ሥራውን በቅርብ በተከታተለባቸው ትምህርት ቤቶችም ውጤቱ የተሻለ ሆነ። ዱፍሎና ክሬመር ከአቢጂት ባነርጂ ጋር በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በእንዲህ ዓይነት የመስክ ሙከራ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። የክፍሉ መጨናነቅ ችግር ነው፤ ግን የመጨረሻው ፍርድ አይደለም። መምህሩ በሰዓቱ መገኘቱና የሚከታተል ወላጅ መኖሩ ከወንበሩ ቁጥር ያላነሰ ክብደት አለው።

ይህ የፓርክላንድስ ብቻ ጉዳይ አይደለም

ብዙዎቻችን ያደግንባት አዲስ አበባም ይህንን ታውቀዋለች። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908፣ የተፈሪ መኮንን በ1925፣ የእቴጌ መነን በ1931 ሲከፈቱ፣ ሰው ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባቱን እንደ ዕድል ይቆጥረው ነበር። በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በጉለሌ የባለሥልጣኑም የሸማኔውም ልጅ አንድ ደብተር ይዞ አንድ በር የገባበት ዘመን ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባም አቅሙ ያለው ቤተሰብ የሚመርጠው የግሉን ነው።

ውጤቱንም አይተነዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ያ ቁጥር የመንግሥቱንም የግሉንም የሚጨምር ነው። አቅም ያለው ሰው ወደ ግሉ መሸሹ አገሪቱን አላዳናትም ማለት ነው።

ሌላም ነገር ከአዲስ አበባ እንማራለን። በ2024 በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳር ሲሄዱ፣ ልጆቹ ከቤቱ ጋር ትምህርት ቤታቸውን፣ መምህራቸውንና የጓደኛቸውን እናት አጡ። ቤትን መቀየር ለአዋቂ የዕቃ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለልጅ ግን የሚያውቀውን ዓለም መቀየር ነው። ከፓርክላንድስ እንውጣ የሚሉ ወላጆች ይህንንም በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡት።

እንዴት እንመዝን?

ለቤተሰቦች የምንመክራቸው አምስት መለኪያዎች አሉ።

አንደኛ፣ ሰዓት። ልጅዎ ራቅ ወዳለ «የተሻለ» ትምህርት ቤት ለመድረስ በማታቱ ወይም በአውቶቡስ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ቢፈጅበት፣ በ190 ቀናት 380 ሰዓት በመንገድ ላይ ያልፋል። ይህ ከ50 ሙሉ የትምህርት ቀናት በላይ ነው። የሚሄድበት ትምህርት ቤት ይህንን ኪሳራ የሚመልስ ብልጫ አለው ወይ? አንዳንዱ አለው፤ ብዙው የለውም። የሰባት ዓመት ልጅ በአሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ተነሥቶ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

ሁለተኛ፣ ጠቅላላ ወጪ። ክፍያውን ብቻ አይደምሩ። የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ የደንብ ልብስ፣ ምሳ፣ የማስጠኛ ክፍያ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ሦስት አማራጮችን ያወዳድሩ፤ እዚሁ ኖሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ እዚሁ ጠበብ ባለ ቤት ኖሮ የግል ትምህርት ቤት፣ ኪራይ ወደሚቀንስበት ሄዶ የግል ትምህርት ቤት። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው በወረቀት ላይ ርካሽ ይመስላል፤ የአባትና የእናት የሥራ መንገድ ሲደመርበት ግን ይወደዳል። በመንግሥት ትምህርት ቤት በኩል ደግሞ በጎ ነገሮችም ይቆጠሩ። ከ2023 ጀምሮ የናይሮቢ ካውንቲ በጀመረው የምገባ ፕሮግራም ተማሪው ለምሳ የሚከፍለው አምስት ሽልንግ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ንባብ። ኡዌዞ የተባለው ድርጅት ከ2009 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ ልጆችን ያስነብባል። በኬንያ ደጋግሞ ያገኘው፣ ከ10 የሦስተኛ ክፍል ልጆች የሁለተኛ ክፍሉን ሥራ መሥራት የሚችሉት 3ቱ ብቻ መሆናቸውን ነው። ይህንን መለኪያ ማንም ወላጅ ቤቱ ሊጠቀምበት ይችላል። የሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይውሰዱ፤ ልጅዎ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው «ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። የውጤት ካርዱ ከሚነግርዎ ይልቅ ይህ አሥር ደቂቃ እውነቱን ይነግርዎታል። የግል ትምህርት ቤት ልጅም ይፈተን፤ የእኛም ተማሪ ጭምር።

አራተኛ፣ ጉብኝት። ስለ አንድ ትምህርት ቤት ከመስማት ሄዶ ማየት ይሻላል። በሥራ ቀን ጠዋት ይሂዱ። መምህራን በየክፍላቸው አሉ? የልጆቹ ደብተር ታርሟል? በእርማቱ ላይ ስሕተቱ ተጠቁሟል ወይስ ምልክት ብቻ ነው? እያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ይዟል? ቱሶሜ የተባለው የንባብ ፕሮግራም በ2015 ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለአንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ እንዲደርስ አድርጎ ነበር፤ ያ ሥርዓት በዚያ ትምህርት ቤት እንደቀጠለ ይጠይቁ። የሴቶች መጸዳጃ ንጹሕ ነው? በር አለው? ርእሰ መምህሩ ወይም ርእሰ መምህርቷ የልጆችን ስም ያውቃሉ? እነዚህን ያየ ወላጅ በወሬ አይወስንም።

አምስተኛ፣ ሕጉ። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 53 ለማንኛውም ልጅ ነጻና ግዴታ የሆነ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። በ2013 የወጣው የመሠረታዊ ትምህርት ሕግም የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅን ለመቀበል የመግቢያ ፈተና እንዳያደርግ ይከለክላል፤ መፈተን የሚቻለው የትኛው ክፍል እንደሚመጥነው ለመለየት ብቻ ነው። ነገር ግን ይኸው ሕግ በአንቀጽ 29 የኬንያ ዜጋ ካልሆኑ ሰዎች የትምህርት ክፍያ ሊጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ የእኛ ቤተሰቦች «በነጻ ነው» ብለው ሳይዘጋጁ እንዳይሄዱ። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመኖሪያ ወይም የስደተኝነት ወረቀት፣ የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ካርድ ይዘው ይሂዱ፤ የሚጠየቅ ክፍያ ካለ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

የእኛ ምክር

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ጥያቄው «ይውጣ ወይስ አይውጣ?» ሳይሆን «መቼ ይውጣ?» ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ማንበብ፣ መጻፍና መቁጠር ነው። በዚህ ላይ ቤት ሊያግዝ ይችላል። እናት እንግሊዝኛ ባትችልም አማርኛ ታስነብብ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ፊደል ከድምፅ ጋር ማያያዝ የለመደ ልጅ በሌላው ቋንቋም ይቀለዋል። ስለዚህ በነዚህ ዓመታት በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት፣ በቂ እንቅልፍና ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ንባብ፣ ከሩቅ ውድ ትምህርት ቤት ሊበልጡ ይችላሉ።

ከሰባተኛ ክፍል በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ቤተ ሙከራና የፊዚክስ መምህር ቤት ውስጥ አይሠራም። ከ2026 ጀምሮ ተማሪዎች 10ኛ ክፍል ሲገቡ ከሦስት መስመሮች አንዱን ይይዛሉ፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ወይም ሥነ ጥበብና ስፖርት። ወደዚያ የሚያደርሰው መሠረት የሚጣለው በጁኒየር ነው። ያጠራቀሙት ገንዘብ ካለ በዚህ ጊዜ ቢወጣ የበለጠ ይሠራል።

ይህ ምክር ገደብ አለው። በሦስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ልጁ፣ ቤት ውስጥ ታግዞም፣ አንድ አንቀጽ አንብቦ የማይረዳ ከሆነ አይጠብቁ። ልጁ የሚደበደብ፣ የሚሰደብ ወይም በማንነቱ የሚሸማቀቅ ከሆነ አንድ ቀንም አይጠብቁ። በዚህ ጊዜ አስቀድመው ትምህርት ቤቱን ይቀይሩ፤ ሰፈሩን መቀየር የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። ለሰፈር ፍቅር ሲባል የሚሠዋ ልጅ የለም።

በር ከፍቶ መግባት

እስካሁን የተናገርነው አንድ ቤተሰብ ለራሱ ልጅ የሚያደርገውን ነው። ግን ሁሉም ሰው ለራሱ ልጅ ብቻ ቢያስብ በ2003 የተጀመረው መፍለስ አያቆምም።

ከነጻነት በፊት፣ የአውሮፓዊ፣ የእስያዊና የአፍሪካዊ ልጅ አብሮ የሚማርበት ትምህርት ቤት በናይሮቢ አልነበረም። ፋርማሲስቱና ፎቶግራፍ አንሺው ጆን ካርማሊ እስያዊ፣ ባለቤታቸው ጆን ደግሞ እንግሊዛዊት ነበሩ፤ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጡ። እንደነሱ ካሰቡ ወላጆች ጋር ሆነው ሆስፒታል ሂል የተባለውን፣ በኬንያ የመጀመሪያ የሆነውን የሁሉም ዘር ልጆች ትምህርት ቤት መሠረቱ። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት አማራጮች ቀርበውላቸው ሁለቱም ያልበቃቸው ወላጆች ሦስተኛ ሠሩ።

ከእኛ የሚጠበቀው የዚያን ያህል አይደለም። በሕጉ መሠረት በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ የወላጆች ማኅበር አባል ነው፤ በአገራችን ወመህ እንደምንለው ማለት ነው። ዜግነት የሚጠይቅ አይደለም። ወላጆች በሥራ አመራር ቦርዱም ላይ ወኪሎች አሏቸው። ስብሰባ ሲጠራ የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ በቋንቋ አፍረው ወይም «እንግዳ ነን» ብለው ይቀራሉ። እንሂድ። ሁለት ሦስት ሆነን እንሂድ፤ ስዋሂሊ የሚችለው ለማይችለው ይተርጉም። የቀረ መምህር ሲኖር በትሕትና እንጠይቅ፤ ጎበዝ መምህር ሲኖር በስሙ እናመስግን። የምዕራብ ኬንያው ጥናት ያሳየን የሚከታተል ወላጅ ውጤት እንደሚለውጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ክፍያ የለውም።

ልጆቻቸው እኛ ዘንድ ወይም በሌላ የግል ትምህርት ቤት ያሉ ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ያነበባችሁትን መጽሐፍ አትጣሉ፤ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሂድ። የሒሳብ ባለሙያ የሆነ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ይስጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከእኛ በፊት በዚህ ሰፈር የኖሩት ስደተኞች በመዋጮ ትምህርት ቤት ሲሠሩ ሁሉም ባለጸጋ አልነበሩም።

ለእናንተ ለተማሪዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። ጠዋት በአውቶቡስ መስኮት የምታዩት፣ ሹራቡን ለብሶ በእግሩ የሚሄደው ልጅ የሰፈራችሁ ልጅ ነው። ምናልባት በሒሳብ ይበልጣችኋል፤ ኳስ በመጫወት ደግሞ በእርግጥ ሳይበልጣችሁ አይቀርም። ቅዳሜ በሲቲ ፓርክ ስታገኙት ስሙን ጠይቁት። ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት አብራችሁ ትሠሩ ይሆናል፤ ከአሁኑ መተዋወቅ ይሻላል።

ውድ ወላጆች፣ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት በሰፈራችን ያሉትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በቡድን ሆነን ለመጎብኘት አስበናል። መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን ለጽሕፈት ቤታችን አስመዝግቡ። ልጃችሁን የትም ብታስገቡ፣ ንባቡን ለመፈተን የቅዳሜ በራችን ክፍት ነው።